ብራና ፋቂው ይርሳው ያየው ጢስ

ይርሳው በዐሥራ አራት ዓመቱ በሕይወት ተቀብሮ የወጣ ሰው ነው። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም።

በ1915 ዓ.ም. ክረምት፣ ከቢቸና ግማሽ ቀን በሚያስኬድ አንድ የቅኔ ቤት ተስቦ ገባ። ተማሪዎቹ በየጎጇቸው ሦስትም አራትም ሆነው የሚያድሩ፣ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ነበሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስቱ ወደቁ። ጤነኞቹ የታመሙትን ሰብስበው ዳር ባለችው ጎጆ አስገቧቸውና በሯን ከውጭ በቀጋ እሾህ ዘጓት። ሁለት ቀን ውሃ የሞላ ቅል በገመድ እያሰሩ በጣሪያው ቀዳዳ አወረዱላቸው። በሦስተኛው ቀን ያም ቀረ። ከእሾሁ ማዶ ግን ትምህርቱ አልተቋረጠም። ይርሳው ትኩሳቱ ጋብ ባለለት ቁጥር ጓደኞቹ ሲቀኙ ይሰማ ነበር። ስለ ፍቅር ነበር የሚቀኙት፤ አንዳንዱንም በቃሉ ይዞት ቀርቷል። ይህን ሲነግረኝ እኔ ምራቄን ተፋሁ። እሱ አልተፋም።

ከጎጆዋ ጀርባ፣ ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ አባ ወልደ ኪዳን የሚባሉ ብራና ፋቂ የፍየል ቆዳ የሚዘፈዝፉበት ገንዳ ነበራቸው። እዚያ ያስቀመጣቸው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሽታው ሰለቸን ብሎ። በአምስተኛው ቀን ቆዳ ሊያወጡ ሲመጡ የሚያቃስት ሰው ሰሙ። እሾሁን በባዶ እጃቸው ነቃቅለው ገቡ። ከስድስቱ የሚተነፍሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ ከደጅ ሳይደርስ አረፈ። የቀረው ይርሳው ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ልጁ ይንቀጠቀጣል፤ አባ ወልደ ኪዳን ደግሞ ከለበሱት ሌላ ደረቅ ጨርቅ የላቸውም። ያላቸው ገና ያልተፋቀ ጥሬ ቆዳ ነው። አራት ቆዳ ደራርበው አለበሱት፤ በላዩ ገለባ ጣሉበት፤ ከደረታቸው አስጠግተው አሳደሩት። ሲነጋ አላበው። ዳነ።

ጓደኞቹ ቆሞ ሲሄድ ባዩት ጊዜ ደስ አላቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ሊያቅፉት ሲጠጉ ሽታው መታቸውና አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ አሉ።

«ታጥበህ ና» አሉት።

አልታጠበም። አልተመለሰምም። ከአባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ቀርቶ ብራና መፋቅ ተማረ።

አባ ወልደ ኪዳን ሲሞቱ ይርሳው ወደ ሞጣ ሄደ። በእናቱ በኩል የሚደርሰው ርስት እዚያ ነበር። ስሜነሽ የምትባል አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ ሴት አገባ። እኔ የማውቀው ከዚያ ጀምሮ ነው፤ አጥር ለአጥር ነበርን። ጤፉን ያርሳል፤ ከእርሻ በተረፈው ጊዜ ብራና ይፍቃል።

ብራና ሲሠራ ላላየ ሰው ልንገር። ከገንዳ የወጣው ቆዳ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ በስለት ይፋቃል፤ ከዚያ በሸካራ ድንጋይ እየታሸ ይሳሳል። በመጨረሻ ወደ ፀሐይ ተይዞ ይመረመራል። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ፍየሏ በሕይወት ሳለች እሾህ የወጋት ወይም መዥገር የነከሳት ቦታ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ጸሐፊው ሳያውቅ ብዕሩን ካሳረፈበት ቀለሙ ይፈሳል። ጠባሳው ግን ከመደብዘዙ የተነሣ ትክ ብለው ሲያዩት ይጠፋል። ይርሳው የሚያደርገው ዓይኑን ወደ ቆዳው ጠርዝ ዘወር ማድረግና ልቡን ከቦታው ሳያነሣ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ጠባሳው ራሱ ብቅ ይላል። ይህን አባ ወልደ ኪዳን አስተማሩት። እኔንም ሊያስተምረኝ ሞክሮ ነበር፤ ትዕግሥት አጣሁ።

የእሱ ብራና ሩቅ ድረስ ይሄድ ነበር። ጸሐፊዎች ከመርጡለ ማርያም በኩል እየመጡ ይወስዱለታል። የሞጣ ትልልቅ ሰዎች በእሱ ብራና ላይ የተጻፈውን መጽሐፍ ግንባራቸውን አስነክተው ይሳሙታል፤ ብራናውን የፋቀውን ሰው ግን በማኅበር ከጎናቸው አያስቀምጡትም። ከበር አጠገብ ነበር ቦታው፤ ነፋስ ሽታውን እንዲወስድላቸው። «ፋቂው» ይሉታል ዘወር ሲል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ የሚሸት ነገር አሽትቻለሁ። የቆዳ ሽታ በውሃ ይለቃል።

በ1959 ዓ.ም. መስከረም በድሩ የሚባል የሳይንስ አስተማሪ ወደ ሞጣ ተመድቦ መጣ። የስልጤ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ዕድሜው ከሃያ ስድስት አያልፍም። አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር አስተማሪ የተወለት የኮከብ መነጽር ነበረው። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚሰካ፣ ከክንድ ትንሽ የሚረዝም ቱቦ ነው። ማኅደሩ ቢቀደድበት አዲስ ሊያሰፋ ይርሳው ዘንድ መጣ። ያን ቀን እኔም ቆዳ ስወጥርለት ነበርሁ።

«አያ ይርሳው፣ ለእጅዎ ስንት ልክፈል?» አለ በድሩ።

«በዚህ ምኑን ነው የምታይበት?»

«ሰማይን።»

«ሰማይንማ እኔም አያለሁ።»

«በዚህ ግን ይቀርባል።»

«እንግዲያው ገንዘብህን ያዝና አሳየኝ።»

ስሜነሽ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ! የፍየሉ አልበቃ ብሎህ የሰማዩን ቆዳ ልትፍቅ ነው?»

ሳቅን። ያ ሳቅ ንጹሕ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ጨረቃ ከፍ ብላ ስትታይ፣ በድሩ መነጽሩን በይርሳው አውድማ ላይ ተከለው። ቦታው ገላጣ ነው፤ ዛፍ አይጋርደውም። ወሬው ተሰማና የአገሩ ባላባት ግራዝማች አምባቸው ሳይቀሩ መጡ። በቅሏቸውን ለአሽከራቸው ሰጡና አጎንብሰው ጨረቃን አዩ።

«ወይ ጉድ! ፈንጣጣ እንደ ወጣበት ሰው ፊቷ ሁሉ ጠባሳ ነው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። በድሩን ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «አንተ ልጅ ጎበዝ ነህ» ብለውት ሄዱ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ጨረቃዋ ካለቀች በኋላ በድሩ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ። ሥዕሉን በመጽሐፍ አይቶታል እንጂ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሐመል ከሚባሉት ከዋክብት ወደ ሰሜን፣ ሦስት ኮከቦች ቀጭን ሦስት ማዕዘን ከሠሩበት አጠገብ መሆን አለበት። ኅዳር ገብቷል፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል። ይርሳው ክምሩን ሲጠብቅ የሚያመሸው እዚያው ስለሆነ አብረው ይሆናሉ። እኔም እራቴን በልቼ እጨመራቸዋለሁ። በድሩ ሦስት ምሽት ፈለገ፤ ሦስት ምሽት አጣ።

«የለም» አለ በአራተኛው። «ይህች መነጽር አትችለውም መሰለኝ።»

«እስቲ ተነሣልኝ» አለ ይርሳው።

ዓይኑን አስጠጋ። በጣም ቆየ። እኔ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

«እዚህ ጢስ አለ» አለ።

«የት?»

«ከመሐሉ ዝቅ ብሎ። አታፍጥበት፤ ስታፈጥበት ይጠፋል። ወደ ጠርዙ እይና ጠብቀው። እንደ ቆዳ ጠባሳ ነው።»

በድሩ አጎነበሰ። ሁለት ጊዜ «አጣሁት» አለ። በሦስተኛው «አላህ!» ብሎ ከመሬት ቁጭ አለ፤ ይስቃልም፣ ዓይኑንም ይጠርጋል። «አራት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጬ፣ ማየት ያስተማረኝ ብራና ፋቂ ነው!»

በማግስቱ መጽሐፉን ይዞ መጣና ነገረን። ያ ጢስ ጢስ አይደለም። ጋላክሲ ይባላል፤ የከዋክብት አገር ማለት ነው። እኛም ከፀሐያችን ጋር ያለንበት የራሳችን አገር አለን፤ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው በሰማይ ላይ የተዘረጋው ነጭ መንገድ እሱው ነው፤ ከውስጡ ሆነን ስለምናየው መንገድ መሰለን። ከጎረቤቶቻችን ትልቋ አንድሮሜዳ ናት፣ የእኛው ሁለተኛ ነው፣ ይህ ጢስ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ ይባል እንጂ በውስጡ ያሉት ፀሐዮች በሺህ ሚሊዮን ይቆጠራሉ። ብርሃኑ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ቅርጹ ጠመዝማዛ ነው፤ ክንዶች ከመሐሉ ተነሥተው ዙሪያውን ይጠመጠማሉ። ክንዶቹ ግን የላሉ ናቸው፣ መሐሉም እንደ ሌሎቹ የወፈረ ብሩህ እምብርት የለውም። ፊቱን ከሞላ ጎደል ወደ እኛ ስላዞረ ብርሃኑ በሰፊው ተበትኗል፤ እንዲህ የደበዘዘውም ስለዚህ ነው። በክንዶቹ ላይ አዲስ ከዋክብት የሚወለዱባቸው ቀላ ያሉ ደመናዎች አሉ። ኋላ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ ወዲያ ፊደል ቆጥሬ ማንበብ ስችል፣ ከሌላ መጽሐፍ ጋር አመሳከርሁት። በድሩ የዋሸን አንድም ነገር የለም።

ይርሳው ሥዕሉን አይቶ ሳቀ። «ይህን አውቀዋለሁ። ቆዳ ከገንዳ አዙሬ ሳወጣ በውሃው ላይ የሚቀረው አረፋ ነው።» ከዚያ ኮስተር አለ። «እኔ ግን መጠምዘዙን አላየሁም። ያየሁት ጢሱን ነው።»

«በትንሽ መነጽር መጠምዘዙ አይለይም» አለ በድሩ። «ይህ በትልልቆቹ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው።»

«እንግዲያው መጠምዘዙ የመጽሐፉ ይሁን። ጢሱ የእኔ ነው።»

ከቁርጥራጭ ብራና አንዱን አነሣና አውራ ጣቱን ከሰል አስነክቶ አንድ ጊዜ ጫን አደረገበት። ደብዘዝ ያለች ነጠብጣብ ወጣች። ያየው ያን ያህል ነበር፤ ያን ያህል ብቻ ሣለ።

ነገሩ የተበላሸው በሳምንቱ ነው። በድሩ አዲሱን ማኅደር ሊለካ መነጽሩን በጠራራ ፀሐይ አውድማው ላይ አቁሞት ነበር። ፋንታ በዚያ ሲያልፍ ዓይኑን ቢያስጠጋ በሸለቆው ማዶ ያለው አገር ታየው። የታየው ግን ተዘቅዝቆ ነው። የግራዝማች ቤት ጣሪያው ወደ ታች፣ ዛፎቹ ሥራቸው ወደ ላይ፣ ከብቶቹ እግራቸው ወደ ሰማይ። ፋንታ የይርሳው የእናቱ ወንድም ልጅ ነው፤ ማሳቸው ይዋሰናል። ጮኾ ወደቀ።

በድሩ ሮጦ መጥቶ አስረዳው። «የኮከብ መነጽር ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳየው። ለኮከብ ላይና ታች ስለሌለው ማንም አይቸገርም።»

ፋንታ አልሰማውም። በገበያ ቀን ወሬው ሞጣን አዳረሰ። እስላሙ አስተማሪ አገሩን ዘቅዝቆ አየው። ሦስት እግር ያለው ነገር በድንበር ላይ ተክሎ ይውላል፤ መሬት የሚለኩት የቀላድ ሰዎችም ዕቃ ሦስት እግር ነው። እንግዲህ ርስታችን ሄደ!

ይህን ፍርሃት አልንቀውም። የእኔም ፍርሃት ነበር። ለእኛ መሬት ተለካ ማለት ከአባቶቻችን ተቀብለን ለልጆቻችን የምናወርሰው ነገር በወረቀት ሄደ ማለት ነው። የምጸየፈው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የጋራችንን ግጦሽ በስሙ ሊያስለካ ለኪዎችን ያስመጣው ግራዝማች አምባቸው ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በክፉ ዓይን ያየው ጀምሮ ነበር። አሁን ዓይን ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ በድሩ ላይ ዐረፈለት። ጨረቃን አይቶ የሳቀው ሰው አንዲት ቃል ቢናገር ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር። ከላይ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ አልለውም።

ቅዳሜ ግራዝማች ወደ ይርሳው ግቢ መጣ። ነፋሱን አይቶ ሽታው ከማይደርስበት በኩል ቆመ፤ ጋቢውንም ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ።

«ይርሳው፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ አውድማህ ላይ ሸንጎ አለ። ያየኸውን ትመሰክራለህ።»

«ያየሁትን እመሰክራለሁ።»

«ያየኸው መሬት ነው።»

«ያየሁት ጢስ ነው ግራዝማች። እርስዎም ጨረቃን አይተዋል።»

«እኔ ያየሁት ነገር የለም። ዓይኔም ደክሟል።» ጠጋ ሊል ፈለገና ተወው። «ስማኝ። ርስትህ በእናትህ ነው። ፋንታ ‹ፋቂ ከዘራችን አይቆጠርም› እያለ ይዞራል። አፉን የምይዝልህ እኔ ነኝ። የማልይዝልህም እኔ ነኝ።»

«ሰውዬውን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ሕዝቡ የወደደውን ያደርጋል።»

ሲሄድ ስሜነሽ በቆመበት ቦታ ላይ ውሃ ደፋች። «ሽታው እንዲለቅ» አለች።

እሑድ ሁለት መቶ የሚሆን ወንድ አውድማው ላይ ተሰበሰበ፤ ሁሉም ዱላ ይዟል። እኔም ይዤ ነበር። በድሩ ቤቱ ነው፤ ከቤቱ እንዳይወጣ ሰው ቆሞበታል። መነጽሩ መሐል ላይ ተገትሯል። ማንም አይጠጋውም።

«ተናገር» አለው ግራዝማች።

ይርሳው ቆመ። «በዚህ ማሳ አልታየበትም። ሰማይ ነው የታየበት። እኔ ያየሁት እንደ ጢስ ያለ ነገር ነው። ጋላክሲ ይሉታል፤ እጅግ ሩቅ ነው።»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ጢስ ለማየት ነው እንዴ ይህ ሁሉ? ከእኔ ቤት ና፤ ጢስ ሞልቶልሃል!» አለ። ሰው አውካካ።

«አስተማሪው ጠመዝማዛ ነው ይላል አሉ» አለ ፋንታ። «መጠምዘዙን አይተሃል?»

እዚህ ላይ ይርሳው «አዎ» ቢል የሚያጣው ነገር አልነበረም። ምናልባት ያምኑት ነበር። «አላየሁም» አለ። «እሱ በመጽሐፉ ነው።»

«ሩቅ ነው ያለህስ ማን ነው?»

«አስተማሪው ነው። ርቀቱ ተለክቷል።»

«ተለክቷል!» ፋንታ ዱላውን ከፍ አደረገ። «ሰማችሁ? ሰማይን የለካ ሰው የእኛን እፍኝ ማሳ ምን ይሳነዋል!»

ጩኸቱ አውድማውን ሞላው። ይርሳው እስኪበርድ ጠበቀና ወደ ግራዝማች ዞረ። «እርስዎ ከእኔ በፊት አይተዋል። ይናገሩ። ወይም ዛሬ ሲመሽ ሁላችሁም በተራ እዩ። መነጽሩ ይኸው፤ ሰማዩም አይሄድም።»

ግራዝማች ጋቢውን አስተካከለ። «ይህ ሰው» አለ፣ «የቆዳው ሽታ አናቱ ላይ ወጥቶበታል።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጎረቤቱ ነኝ፤ እንጀራውን በልቻለሁ፤ በዚያ መነጽር ጨረቃን አይቻለሁ። ሁለት መቶ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ፈራሁና ሳቅሁ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ስነቃ ያ ሳቅ አፌ ውስጥ ይመረኛል።

መነጽሩን በዱላ አደቀቁት። ብርጭቆው ሲሰበር «እልል!» አሉ። ቀጥሎ ወደ አስተማሪው ቤት እንሂድ ተባለ። አንዱ ግን ከቅዳሴ የወጣነው በባዶ ሆድ ነው አለና ምሳ በልተን እንመለስ ብለው ተስማሙ። ሰው ሊገድሉ ምሳ በልተው! ከሁሉ የሚያቅለሸልሸኝ ይህ ነው። ሽሮው እንዳይበርድባቸው።

ይርሳው ምሳ አልበላም። ከገንዳው አራት ያልተፋቀ ቆዳ መዝዞ አወጣ፤ ሁለቱን በአህያ ላይ ጣለ። በጓሮ ዞሮ ወደ በድሩ ቤት ሄደ። ጠባቂዎቹም ምሳቸውን ሊበሉ ሄደው ነበር። የሆነውን በድሩ ራሱ ከዓመታት በኋላ በላከልኝ ደብዳቤ ጽፎታል።

«ይህን ልበስ» አለው ይርሳው።

«ምንድን ነው?»

«ከዚህ አገር የሚያወጣህ ነው።»

በድሩ ቆዳው ጭንቅላቱ ላይ ሲያርፍ አስመለሰው። «አልችልም አያ ይርሳው!»

«ይለመዳል።»

«መቼ ነው የሚለመደው?»

«እኔ ቆዳ ከለበስሁ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ሲለመደኝ እነግርሃለሁ።»

ወደ ቢቸና በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ አስተማሪው እንዳያመልጥ አራት ሰው ተመድበን ነበር። አለቃችን ፋንታ ነው። ከፊት ይርሳው፣ ቀጥሎ አህያው፣ ከኋላ ጎንበስ ያለ፣ ቆዳ ከአናቱ እስከ ጉልበቱ የወረደበት ተሸካሚ ሲመጡ አየን። ዝንቡ ቀድሟቸው ደረሰ።

«ወዴት ነው በሰንበት?» አለ ፋንታ።

«ቆዳ ወደ ቢቸና ላደርስ። ካደረ ይተላል።»

«ያስ ማነው?»

«ተሸካሚዬ ነው። ካላመንህ ገልጠህ እይ።»

ፋንታ ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆመ። ከቆዳው ጫፍ ወፍራም ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። አንድ እርምጃ ጨመረና አፍንጫውን ያዘ።

«እለፍ! እለፍ ወዲያ! የበላሁትን ልታስወጣኝ ነው እንዴ!»

እኔ የተሸካሚውን እግር አየሁ። ሸራ ጫማ ነበር። በእኛ አገር ሸራ ጫማ አድርጎ ቆዳ የሚሸከም ሰው የለም። ይርሳው ማየቴን አየ። ዝም አልሁ። በዚያ ቀን የሠራሁት ደግ ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ምንም አለማድረግ ነው።

በሁለት ቀን ቢቸና ደረሱ። በድሩ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ደጀን ወርዶ የዓባይን ድልድይ ተሻገረ። ይርሳው ግን ወደ ሞጣ የሚመለስበት ደጅ አልነበረውም። ሸንጎው ከርስት ነቀለው፤ ማሳው ለፋንታ ሆነ። ስሜነሽ ከሳምንት በኋላ መወጠሪያውን በአህያ ጭና ቢቸና ገባች።

«ክምሩን ፋንታ ወቃው» አለችው። «ቤቱን ወሰዱት። ይህን እንጨትህን ግን የነካው የለም፤ ተጸየፉት።»

ቢቸና ዳር በኪራይ ጎጆ ሰባት ዓመት ኖሩ። በ1966 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ግራዝማች ግጦሹን በዓመቱ በስሙ አስለካው፤ ፋንታ ከጮኹት ሁሉ በላይ ጮኸ፤ የሰማው የለም። ከዚህ በላይ ስለ እነሱ መጻፍ ብዕሬን ማቆሸሽ ነው።

ይርሳው ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት ይቅርታ ልጠይቀው ቢቸና ሄጄ ነበር። ቆዳ ሲወጥር አገኘሁት። ያች አውራ ጣቱን ያሳረፈባት ቁርጥራጭ ብራና ከግድግዳው ላይ ተሰክታለች። ስለ ሳቄ ነገርሁት። «ሰምቼሃለሁ» አለ ብቻ። ከዚያ ልቤን ሲበላኝ የኖረውን ጠየቅሁት።

«አያ ይርሳው፣ ያ ጢስ ርስት የሚያስለቅቅ ነገር ነበር?»

ጠፍሩን ለቀቀና ቀና አለ።

«በጢሱ አይደለም» አለ። «ጢሱ እኔ ባላየውም እዚያው ነው፤ ፋንታ ቢያምነውም ባያምነውም አይጎድልበትም። ያኔ ስድስት ሆነን ነበር የተዘጋብን። ከእሾሁ ማዶ የነበሩት ልጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። አንድ ሰው ግን እጁ እየደማ ነቀለው። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የፈራሁት ያ ቀን በእኔ ላይ ሲመጣ ከየትኛው ወገን እገኝ ይሆን እያልሁ ነበር። መጣ። ከቆዳው ወገን ተገኘሁ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ማሳውን ፋንታ ይረሰው። አንተም እግሩን አይተህ ዝም ብለሃል፤ ያን አልረሳሁልህም። በል አሁን ያን ጠፍር ሳብልኝ፤ ይህ ቆዳ ሳይደርቅ እንወጥረው።»